ሲቀዘቅዝ የሚላጠው ወረቀት

እትዬ የወደቀችው በማተሚያ ማሽኑና በልብስ መደርደሪያው መካከል ነበር። መጀመሪያ ያያት ልብስ አቅራቢው ነው። ጠዋት በስልክ ተቆጥታ ስለጠራችው ከምሳ በኋላ መጣ፤ በሩን ገርበብ ብሎ አገኘው፤ ገባና ጮኸ። ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ፖሊስ ሲደርስ ማሽኑ ገና አልበረደም። አንድ ቀይ ሁዲ የህትመቱ ወረቀት ከላዩ ሳይነሳ ተዘርግቶበታል፤ ከእግሯ አጠገብ ደግሞ በርጩማ ተጋድሟል።

እትዬን ሰፈሩ በሙሉ በዚሁ ስም ነው የሚያውቃት። ሰው የፈለገውን ጽሑፍና ሥዕል በማሽን ሙቀት ከወረቀት ወደ ቲሸርትና ሁዲ እያተመች የምትኖር ሴት ነበረች። እናትና አባቷ ገና በልጅነቷ ሲሞቱባት ታናሽ ወንድሟን አዝላ አሳደገች። ባል አላገባች፣ ወግ ማዕረግ አላየች፤ እሱን ሰው አደርጋለሁ ስትል ዕድሜዋ አለቀ። እንዲህ ዓይነት ሰው ሲሞት አንጀት ይበላል፤ ሌላ ምን ይባላል?

በመጀመሪያ ፖሊሶች አደጋ ነው አሉ። ሴትዮዋ ልብስ አትማ ወረቀቱ እስኪቀዘቅዝ ድረስ በርጩማ ላይ ወጣች፣ ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ ልታወርድ ስትንጠራራ ወደቀች፣ አለቀ። ሐኪሙ ግን ሁለት ነገር አገኘ፤ አንደኛው ከጭንቅላቷ በስተኋላ የደረሰ ምት፣ ሁለተኛው በእጇ አንጓ ላይ የቀረ የሰው ጣት ሰንበር ነው። አደጋነቱ ቀረና ጣቱ ሁሉ ወደ ልብስ አቅራቢው ዞረ። ጠዋት በስልክ ተጣልተዋል፤ ያገኛትም እሱ ነው። ወዲያው ታሰረ። ትናንት ከእሱ ጋር ሲሳሳቅ የዋለው ጎረቤት ሁሉ «ድሮም ዓይኑ አያምርም ነበር» አለ። ሰው እንዲህ ነው፤ ምን ታደርገዋለህ።

መዝገቡ ለመርማሪዋ የተሰጣት በማግሥቱ ነው። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፣ ጥያቄዋ ቀስ ብሎ ገብቶ ዘግይቶ ስለሚያም ነው።

«ሰውየው ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል» አላት አለቃዋ። «የጎደለ ነገር ካለ አሟይና ዝጊው።»

«ቤቱን ሳላየው?»

«እዪው እንግዲህ። ግን አታርዝሚው፤ ሰውየው በነፍስ ግድያ ነው የሚከሰሰው፤ ሁሉም ነገር ግልጽ ነው።»

መርፌ ግልጽ ነው የሚባል ነገር ሲገጥማት ትንሽ ይጨንቃታል። የአንድን ሰው ዕድሜ እስር ቤት የሚያስቀር ወረቀት ላይ መፈረም ቀላል ነገር አይደለም። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

*

ማተሚያ ቤቱ አንድ ክፍል ነው። መሬቱን ከልብስ የሚረግፍ ነጭ ብናኝ አልብሶታል፤ የሚራመድ ሰው ጫማው ዱቄት የረገጠ ይመስላል። የእትዬ ጫማ ሶልም እንደዚያው ነጭ ለብሶ እንደነበር ከፎቶው አይታለች። በርጩማውን አንስታ መስኮቱ ጋ ወስዳ አገላበጠችው። መቀመጫው ላይ ቅንጣት ነጭ ነገር የለም፤ ጥቁር ቀለሙ ንጹሕ ነው። በዚያ ጫማ ቆማበት ቢሆን ኖሮ ምልክቱ ይቀር ነበር።

«አልወጣችበትም» አለች ለራሷ።

ጠረጴዛው ላይ የሸክላ ሳህን ተቀምጧል። በውስጡ ሦስት የተቃጠሉ ክሮች አሉ። ሁለቱን በጥፍሯ ጫፍ ስትነካቸው እንደ አመድ ብን አሉ። ሦስተኛው ግን ጠጥሮ ጥቁር እንክብል ሆኗል፤ ብትጫነውም አልፈረሰም። ሳህኑ አጠገብ ክብሪትና ትንሽ መቀስ ነበር።

ናሙና ሁዲዎቹም ሦስት ናቸው። ጥቁሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ሳሳ ያለ ነው። ግራጫው ወፍራምና ለስላሳ ሲሆን በንጹሕ ላስቲክ ተጠቅልሎ ከጠረጴዛው ሥር ባለው መሳቢያ ተቀምጧል፤ ምንም አልታተመበትም፤ እጅጌው ደግሞ ከሌሎቹ ይረዝማል። ቀዩ አሁንም ማሽኑ ላይ ነው። ጠርዙን ገልብጣ አየችው፤ ከውስጥ በኩል ትንሽ ክር በመቀስ ተቆርጧል። አንገቱ ላይ ያለው መለያ «ሙሉ በሙሉ ጥጥ» ይላል። በወረቀቱ ዙሪያ ግን ጨርቁ በአራት ማዕዘን ቅርጽ አብረቅርቆ ደርቋል፤ ስትዳስሰው እንደ ላስቲክ ይንኮሻኮሻል። የኮፍያው ገመድ ከአንገቱ በስተኋላ በእጥፍ ቋጠሮ ታስሮ ኮፍያው ውስጥ ተወሽቋል።

ወረቀቱን አልነካችውም። በጀርባው ነጭ ነው፤ ምን እንደተጻፈበት አይታይም። አንስታ ማየት ትችል ነበር፤ ግን ላየው የሚገባ ሰው ፊት ነው የሚነሳው ብላ ተወችው።

*

ዲዛይነሯ ዓይኗ አብጦ መጣች። ሥዕልና ጽሑፍ በኮምፒውተር የምትሠራው እሷ ነች፤ እዚህ ቤት ከገባች ገና ብዙም አልቆየችም።

«ትናንት ምን ስትሠሩ ነበር?» አለቻት መርፌ።

«ሁዲ እየመረጥን ነበር። የሰፈሩ የሩጫ ቡድን ነው ያዘዘን፤ ብር የላቸውም፣ ‹ርካሽ ይሁን፣ ግን አያሳፍረን› አሉ። እትዬ ደግሞ በመለያ አያምኑም። ከእያንዳንዱ ክር ቆርጠው ያቃጥላሉ። ጥጥ ከሆነ ወረቀት ወረቀት ይሸታል፣ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጥና ይጠጥራል።»

«ቀዩስ?»

«ጠጠረ። ሁለታችንም አየነው። እሳቸው ‹ዓይኑን ላፈር! ላስቲክ ነው ጥጥ ብሎ የሸጠልኝ› ብለው ለልብስ አቅራቢው፣ ለባለመጋዘኑ፣ ደወሉለት። ጥቁሩን ለሯጮቹ መረጡት፤ ሳሳ ቢልም እውነተኛ ጥጥ ነው፣ ዋጋውም ይቀመሳል።»

«ወንድምየው ነበር?»

«የለም፤ ጠዋት ዕቃ ሊያደርስ ወጥቶ ነበር። እኔም ምሳ ሰዓት ላይ ወጣሁ። ስመለስ ሰው ተሰብስቦ ነው የጠበቀኝ።»

«በማተሚያው ትሠሪያለሽ?»

«ኧረ እኔ! እፈራዋለሁ» አለችና የቀኝ እጇን አሳየች፤ አውራ ጣቷ ላይ የድሮ ቃጠሎ ጠባሳ አለ። «ከዚህ በኋላ አልነካሁትም። እሳቸውና ወንድማቸው ብቻ ናቸው የሚሠሩበት።»

«ግራጫውስ ለማን ነው?»

ዲዛይነሯ አቀረቀረች። «ምስጢር ነበር። ማልኩላቸው። የሱቁን ስም ሊቀይሩ ነበር፤ እኔ ነኝ የሠራሁላቸው። ወንድማቸው እንዳይሰማ ብለውኝ ነበር... እንዲያው ድንገት ሲያዩት እንዲደነግጡ፣ ደስ እንዲላቸው...» ቀሪውን እንባ ያዘው።

መርፌ አልገፋቻትም። «መሐላሽን ጠብቂ» አለቻት። «እስከ ነገ።»

*

ወንድምየው ሲገባ በሩን ጎንበስ ብሎ ነው ያለፈው። ረጅም ሰው ነው። ክንዱ ስለሚረዝም የሸሚዙ እጅጌ ከአንጓው በላይ ቀርቶበታል። ወንበር ሰጠችው፤ ጫፉ ላይ ተቀመጠ።

«እህትህን እንዴት ነበር የምታያት?»

«እናቴ ነች» አለ። «ማለቴ... እናቴን አላውቃትም። ትንሽ እያለሁ ከቀሚሷ አልለይም ነበር። ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ከኋላዋ፣ ሥራ ስትሄድ ከኋላዋ። ‹ጥላዬ› ትለኝ ነበር። ስጎረምስ ጓደኞቼ ሳቁብኝ፤ በዚህ ስም እንዳትጠሪኝ አልኳት። ተወች። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልጠራችኝም።»

መርፌ ውኃ ቀዳችለት።

«ትናንትስ?»

«ጠዋት ዕቃ አድርሼ ለምሳ ተመለስኩ። አብረን በላን። ከዚያ ሌላ ዕቃ ይዤ ወጣሁ። ስወጣ ቀዩን ሁዲ ማሽኑ ላይ እያስተካከለች ነበር። ከዚያ በኋላ... በዚያው ነው የሰማሁት።»

«ቀዩን? እንዴት ያለ ጨርቅ ነው?»

«ጥጥ ነው። መለያው ላይ ተጽፏል እኮ። ማሽኑም በጥጥ ሙቀት፣ በከፍተኛው ላይ ነበር።»

«እኔ የእናንተን ሥራ አላውቅም» አለች መርፌ። «ጥቁሩን አንሣና እንዴት እንደምታትሙ አሳየኝ።»

ተነሣ። እጁ ሥራውን ያውቀዋል፤ ራሱ እያለቀሰ እጁ ይሠራል። ማሽኑን ቀዩ ስለያዘው ጥቁሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፣ እጥፋቱን አሻሸ፣ የኮፍያውን ገመድ ከአንገቱ በስተኋላ በእጥፍ ቋጠሮ አስሮ ኮፍያው ውስጥ ወሸቀው።

«ይኼ ለምንድን ነው?»

«ገመዱ ላይ ሙቀት እንዳያርፍበት። ጫፉ ይቀልጣል።»

«ማን አስተማረህ?»

«እሷ ነቻ» አለ። «ሌላ ማን ያስተምረኛል?»

*

ልብስ አቅራቢውን እስር ቤት ሄዳ አገኘችው። ስሙን የሚጠራው ሰው የለም፤ «ባለመጋዘኑ» ነው የሚሉት። ባንድ ሌሊት አርጅቷል።

«ቀዩ ፖሊስተር እንደሆነ ያውቁ ነበር?»

«አውቃለሁ» አለ። «መለያውን እኔ ነኝ ያሰፋሁበት። ርካሽ ሁዲ ሁሉም ይፈልጋል፤ ጥጥ ነው ካላልኩ ማን ይገዛኛል? እሷ ግን ያዘችኝ። ‹ና ላስቲክህን ውሰድ› አለችኝ። ልወስድ ነው የመጣሁት። ይቅርታ ልላት ነበር። አታላይ በይኝ፤ ነፍሰ ገዳይ ግን አይደለሁም።»

«አታላይነትዎን መዝግቤዋለሁ» አለች መርፌ። ወደ በሩ ዞር ካለች በኋላ ተመለሰች። «ነገ ማተሚያ ቤቱ ይወስዱዎታል። ሰው ቢጮህብዎት ዝም ይበሉ።»

*

በማግሥቱ ሁሉም እዚያች ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ባለመጋዘኑ በሁለት ፖሊሶች መካከል፣ ዲዛይነሯ መስኮቱ ሥር፣ ወንድምየው መደርደሪያውን ተደግፎ ቆመዋል። አለቃዋ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። መርፌ ሳህኑን አንስታ ከቀዩ ሁዲ አጠገብ አኖረችው።

«ስለ በርጩማው ልጀምር» አለች። «መሬቱ እንደምታዩት ነው። የእትዬ ጫማም ነጭ ነበር። በርጩማው ላይ ግን ምንም የለም። አልወጣችበትም። ከላዩ የወደቀች እንድትመስል ከሞተች በኋላ ነው ያጋደሙት። ምቱም ከኋላዋ ነው፤ የማሽኑ ጠርዝ ከጭንቅላቷ ቁስል ጋር ልክ መሆኑን ሐኪሙ አረጋግጧል።»

«ይኼን እኮ እናውቃለን» አለ አለቃዋ። «ባለመጋዘኑ ገፈተራት።»

«ይሁን እንበል። ታዲያ ሁዲውን ማን አተመው? የታተመው ሥራ ላይ ሳለች የሞተች እንድትመስል ነው። ያተመው ሰው ሞያ አለው። ገመዱን ከኋላ በእጥፍ ቋጥሮ ወሽቆታል። ባለመጋዘኑ ልብስ ይሸጣል እንጂ አትሞ አያውቅም። ዲዛይነሯ ማሽኑን ትፈራዋለች፤ ጣቷ ምስክር ነው። እንዲህ አድርገው የሚያትሙት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አስተማሪዋና እሷ ያስተማረችው ሰው።»

የሁሉም ዓይን ወደ ወንድምየው ዞረ።

«ራሷ አትማው ይሆናላ!» አለ ወንድምየው። ድምፁ ቀጥኗል። «እኔ ስወጣ እያስተካከለችው ነበር አልኳችሁ።»

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ አስቤ ነበር» አለች መርፌ በቀስታ። «ግን ይኼን ጥቁር እንክብል እዩት። የቀዩ ክር ነው። እትዬ ከምሳ በፊት አቃጥላ አይታዋለች። ላስቲክ እንደሆነ አውቃ ተሳድባበታለች፣ ደውላለች፣ ባለቤቱን ና ውሰድ ብላለች። እንዲህ ያወቀች ሴት ቀዩን በጥጥ ሙቀት ታትመዋለች? ጨርቁ እንዴት እንደተቃጠለ እዩት። ያተመው ሰው ጥጥ መስሎታል። መለያውን ነው ያመነው።»

ቆም አለች። ቀጥላ መናገሩ እንደከበዳት ሁሉም አየ።

«ባለመጋዘኑ ጨርቁን ያውቀዋል፤ መለያውን ያሰፋው እሱ ነው። ዲዛይነሯ ክሩ ሲቀልጥ አይታለች። እትዬ አውቃለች። ከዚህ ቤት ሰዎች ቀዩን ጥጥ ነው ብሎ የሚያምን አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው፤ ጠዋት ያልነበረው። ትናንትም ጠየቅኩት፤ ‹ጥጥ ነው› ብሎ መለሰልኝ።»

ባለመጋዘኑ አፉን በእጁ ያዘ። ሰው ሲያታልልበት የኖረው የውሸት መለያ ዛሬ ነጻ አወጣው። እንዲህ ያለም ነገር አለ።

ወንድምየው ቀስ ብሎ መደርደሪያው ሥር ቁጭ አለ።

«አልገፋኋትም» አለ። «እግዜር ያውቃል። ለምሳ ስመለስ ብቻዋን ነበረች። ሰሞኑን ከዲዛይነሯ ጋር ይንሾካሾካሉ። አንድ ቀን ሰማኋቸው፤ ‹እሱ እንዳይሰማ፤ ስሙ ከተቀየረ በኋላ ይወቀው› ስትል። ሱቁን ለእሷ ልትሰጣት መሰለኝ። ዕድሜዬን ሁሉ ተላላኪ ሆኜ ልቀር ነው ብዬ... ጠየቅኳት። ሳቀች። ‹ነገ ታየዋለህ› አለችኝ። እኔ በንዴት እየነደድኩ እሷ ትስቃለች። እጇን ያዝኳት፤ ካልነገርሽኝ አለቅሽም አልኳት። ለማስለቀቅ ወደ ኋላ ሳበች። እኔ ደግሞ ተናድጄ ለቀቅኳት። መልቀቅ ብቻ ነው ያደረግኩት።»

በጣቱ የማሽኑን ጠርዝ አመለከተ።

«ጠራኋት። አነሣኋት። እምቢ አለችኝ። ፈራሁ። የሆነ ነገር አትሜ፣ በርጩማውን አጋድሜ ወጣሁ። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ያገኘሁትን ወረቀት ነው የጫንኩት፤ ምን እንደሆነ እንኳ አላየሁትም። ወረቀቱ ሲቀዘቅዝ ነው የሚላጠው፤ እኔ እስኪቀዘቅዝ አልጠበቅኩም።» ቀና ብሎ ባለመጋዘኑን አየው። «አስረውህ ሲሄዱ ዝም አልኩ። ይቅር በለኝ አልልህም።»

ባለመጋዘኑ ፊቱን አዞረ።

«ና» አለችው መርፌ። «ወረቀቱ አሁን ቀዝቅዟል። ማንሣት ያለብህ አንተ ነህ።»

ተነሥቶ መጣ። ረጅም ጣቶቹ የወረቀቱን ጥግ ያዙ፤ እህቱ እንዳስተማረችው ከጥግ ጀምሮ ቀስ እያለ ላጠው። ፊደሉ ነጭ ተደርጎ ነበር የተሠራው፤ ጨርቁ ላስቲክ ስለሆነ ግን ቀይ ቀለሙን ለቆበት ሮዝ አድርጎታል፤ ቦታ ቦታውም ተጨማዷል። ቢሆንም በደንብ ይነበባል።

«ጥላዬ ህትመት» ይላል።

አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ሁዲውን እንደያዘ ጎንበስ አለና ከሆዱ የወጣ ድምፅ አሰማ፤ ያ ድምፅ ለቅሶ ነበር ማለት ይከብደኛል።

«ሱቁ የርስዎ ነበር» አለች ዲዛይነሯ እያለቀሰች። «ሁሉን ነገር በስምዎ አዙረው ጨርሰዋል። ‹አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል፣ በዚያ ስም ብጠራው አይቆጣኝም› አሉኝ። የመጀመሪያውን ሁዲ ራሳቸው አትመው ሊያለብሱዎት ነበር። ክር ሲያቃጥሉ የዋሉት እኮ ለሯጮቹ ብቻ አልነበረም።»

አለቃዋ ኮፍያውን አወለቀ። ባለመጋዘኑን የያዙት ፖሊሶች ሳይታዘዙ እጃቸውን ለቀቁት፤ እሱ ግን አልሄደም፤ እዚያው ቆሞ እንባውን በክንዱ ጠረገ።

መርፌ መሳቢያውን ከፈተች። ግራጫውን ሁዲ ከላስቲኩ አወጣችው። ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ከሦስቱ ሁሉ ውዱ እሱ ነው፤ ክሩም አመድ የሆነ። ደረቱ ባዶ ነው።

«ይኼ ማስረጃ አይደለም» አለች አለቃዋን ሳታየው። «ውጪ ይበርዳል።»

ወንድምየው ሁዲውን በሁለት እጁ ተቀበለ። አገላብጦ አየው፤ የሚነበብ ነገር ፈልጎ ይመስላል። ከዚያ በጭንቅላቱ አጠለቀው። በሕይወቱ ሙሉ ልብስ ሁሉ ያጥረው ነበር፤ የዚህ እጅጌ ግን እስከ አንጓው ድረስ ደረሰለት።

ፖሊሱ ካቴናውን ከእጅጌው በላይ አሰረው።